ማን አሸነፈ? መጀመሪያ ምን ተቆጠረ?

 

ቦምቤ መጥቼ እንድናገር የጋበዙኝ የስፖርት ወዳጆች ርእሱንም አብረው ነው የሰጡኝ። «የጎልፍን የአጨዋወት ዓይነቶችና የነጥብ አቆጣጠሩን አስረዳን» አሉኝ። ከኋላ የተቀመጡት ፈገግ ሲሉ አያለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ከዚህ ተነሥታችሁ፣ በአረካ አልፋችሁ፣ ሶዶ እስክትደርሱ ድረስ አንድ የጎልፍ ሜዳ አታገኙም። በአገራችን ስማቸው ከሚነሣው ጥቂት ሜዳዎች አንዱ አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለው ነው፤ እሱም ከአጥር ወዲያ ነው።

ታዲያ ለምን ጎልፍ? ግብዣውን የተቀበልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በእግር ኳስ የሚቆጠረው ጎል ብቻ ስለሆነ አቆጣጠር የሚባል ጉዳይ መኖሩንም እንረሳዋለን። በጎልፍ ግን ያው ሜዳ፣ ያው ዱላ፣ ያው ኳስ እያለ በአንዱ አቆጣጠር ያሸነፈው በሌላው ይሸነፋል። ዛሬ ከእኔ ጋር ይዛችሁት እንድትሄዱ የምፈልገው ሐሳብም ይኸው ነው፦ አቆጣጠሩ ሲለወጥ አሸናፊው ይለወጣል፤ የተጫዋቹ ጠባይም አብሮ ይለወጣል። ይህ ደግሞ በጎልፍ አያበቃም። በወላይታ ድቻ ላይም፣ በሯጮቻችን ላይም ደርሷል፤ እንደርስበታለን።

ንግግሬን በአምስት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቀው በአጭሩ አስተዋውቃለሁ። ሁለተኛ የምት ድምርን፣ ሦስተኛ የጥንድ ግጥሚያን፣ አራተኛ የነጥብ ስሌትንና ለደካማው የሚሰጠውን ማካካሻ፣ አምስተኛ የቡድን አቆጣጠርን እናያለን። ከዚያ ለቦምቤ ሜዳ የሚሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። የውጭውን ታሪክ ስጠቅስ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከመተዋወቂያው እንጀምር።

ኳስን በዱላ መምታት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ሰሞን በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ጎረምሶች በቆልማማ ዱላ ሩር ይጠልዛሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? በገና ጨዋታ ሁለት ቡድን አንዲቱን ሩር ይሻማል። በጎልፍ እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማንም አይነጥቀውም፣ ማንም አይጋፋውም። ኳሷን ከመነሻው መትቶ፣ ሣሩን አቋርጦ፣ ስፋቷ 108 ሚሊ ሜትር በሆነች ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው ሥራው። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው። የሚቆጠረው ኳሷ እስክትገባ የተመታችው ምት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ የመታ ይበልጣል።

ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥሩ ተጫዋች ሊፈጅ ይገባዋል የሚባል የምት ቁጥር አለ፤ እሱ ፓር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ 3፣ 4 ወይም 5 ነው። ከፓር በአንድ ምት ያነሰ በርዲ ሠራ ይባላል፤ በሁለት ያነሰ ኢግል፤ በአንድ የበለጠ ቦጊ፤ በሁለት የበለጠ ድርብ ቦጊ። ለዛሬ ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልጋችሁም።

አሁን ሁለት ተጫዋቾችን እናስብ። አንዱ ቀይ ቆብ፣ አንዱ ሰማያዊ ቆብ አድርጓል። ጊዜ እንዳይፈጅብን ስድስት ጉድጓድ ብቻ ይጫወቱ፤ የሁሉም ፓር 4 ይሁን። ባለቀይ ቆቡ አምስቱን ጉድጓድ በአራት በአራት ምት ጨረሰ። ስድስተኛው ላይ ኳሷ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችበት፣ ከዚያም አሸዋ ውስጥ፤ 10 ምት ፈጀ። ባለሰማያዊው አምስቱን በአምስት በአምስት፣ የመጨረሻውን በ4 ጨረሰ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አይለወጡም። የሚለወጠው እኛ የምንቆጥርበት መንገድ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የምት ድምር። ስትሮክ ፕሌይ ይሉታል። የሁሉም ጉድጓድ ምት ይደመራል፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። በቃ። ባለቀይ ቆቡ 30፣ ባለሰማያዊው 29። ባለሰማያዊው በአንድ ምት አሸነፈ። አምስት ጊዜ ተበልጦ አንድ ጊዜ በልጦ፣ ዋንጫውን ወሰደ ማለት ነው።

ይህ አቆጣጠር ብዙ ሰው በአንድ ቀን ለማወዳደር ይመቻል። ታላቁ የብሪታንያ ኦፕን ውድድር በ1860 በስኮትላንድ ፕሬስትዊክ ሲጀመር የተወዳደሩት ስምንት ሰዎች ነበሩ። ባለ 12 ጉድጓዱን ሜዳ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ዊሊ ፓርክ 174 ምት መትቶ አሸነፈ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢጋጠሙ ኖሮ ለስምንት ሰው ሦስት ዙር ግጥሚያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በቴሌቪዥን የሚታዩት ታላላቅ ውድድሮች አብዛኞቹ በድምር የሚካሄዱ ናቸው።

ታዲያ ድምር ምን ዓይነት ሰው ይሠራል? ጠንቃቃ ሰው። አንዲት ጥፋት ቀኑን ሙሉ የሠራኸውን ታፈርሳለችና ተጫዋቹ አደጋ ይሸሻል። ተማሪዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በስድስት ትምህርት ጎበዝ ሆኖ በአንዱ የወደቀ ልጅ፣ አማካዩ ሲሠራ ደረጃው የት እንደሚገኝ ታዩታላችሁ። ድምር ያለፈውን አይረሳም።

ድምር ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ ታማኝ መዝገብ። በጎልፍ በየጉድጓዱ ቆሞ የሚቆጥር ዳኛ የለም። የአንተን ምት የሚጽፈው አብሮህ የሚጫወተው ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ የእሱን ትጽፋለህ። በመጨረሻ አይተህ ትፈርማለህ። በ1968 በአሜሪካ በማስተርስ ውድድር አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ በአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ 3 ምት መታ። ሲመዘግብለት የነበረው ቶሚ አሮን በስሕተት 4 ብሎ ጻፈ። ዴ ቪሴንሶ ልብ ሳይለው ፈረመ። ሕጉ ምን ይላል? ከመታኸው በላይ የሆነ ቁጥር ከፈረምክ የፈረምከው ይጸናል። 65 የነበረው 66 ሆነበት፤ ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ሆኖ ለመለያ ጨዋታ መቅረብ ሲገባው በአንድ ምት ተሸነፈ። በቴሌቪዥን ያየው ሰው ሁሉ ሦስት መምታቱን ያውቃል፤ ወረቀቱ ግን አራት አለ። አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ፤ በድምር ጨዋታ ከአመዘጋገብም ይፈረዳል።

ሦስተኛው ነጥብ የጥንድ ግጥሚያ ነው፤ ማች ፕሌይ። ጥንታዊው የጎልፍ መልክ ይኸ ነው። በ1744 በኤድንብራ አጠገብ በሊዝ የተጻፉት አሥራ ሦስቱ የመጀመሪያ የጎልፍ ሕጎች ሲወጡም ጨዋታው በአብዛኛው ሰው ለሰው የሚገጠምበት ነበር።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ለብቻው ፍልሚያ ነው። በአንድ ጉድጓድ ያነሰ ምት የመታ ያንን ጉድጓድ ይወስዳል። በአንድ ምት ይብለጥ፣ በስድስት ይብለጥ፣ የሚወስደው አንድ ጉድጓድ ነው። ከዚያ ያለፈው ይረሳና ወደሚቀጥለው ይኬዳል።

ቁጥሮቻችንን እናምጣ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ማን ወሰደ? ባለቀይ ቆቡ፤ በ4 ለ 5። ሁለተኛውን? እሱው። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። አሁን በአራት ጉድጓድ እየመራ ነው፤ የቀሩት ሁለት ናቸው። ባለሰማያዊው ሁለቱንም ቢወስድ አይደርስበትም። ጨዋታው አለቀ! በጎልፍ ቋንቋ «4 ለ 2» አሸነፈ ይባላል። የእግር ኳስ ሰዎች እንዳትሳሳቱ፤ ሁለቱ የተሸናፊው ጎል አይደለም፤ አራት የመሪነቱ፣ ሁለት ደግሞ ሳይጫወቱ የቀሩ ጉድጓዶች ናቸው። ያ ክፉው ስድስተኛ ጉድጓድ፣ ያ የ10 ምት ጉድ፣ ጭራሽ አልተደረሰበትም። በድምር የተሸነፈው ሰው በግጥሚያ አሸነፈ። ሰዎቹ ያው፣ ምቱ ያው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲወዳደር የነበረውን የምታስታውሱ እጅ አውጡ እስኪ። አዳራሹ ሙሉ ነው! የጦና ንቦቹ የግብፁን ዛማሌክ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ። ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በግጥሚያ ብትቆጥሩት አንድ ለአንድ፤ በጎል ድምር ብትቆጥሩት 3 ለ 3፤ ከሜዳ ውጭ በገባ ጎል ብትቆጥሩትም አንድ ለአንድ። በሦስቱም አቆጣጠር እኩል! ስለዚህ መለያ ምት መጣ፤ ድቻም ያንን ታላቅ ክለብ አሰናበተ።

ቀጥሎ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ መጣ። ዳሬ ሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 አሸነፍን። እንደ ጎልፍ የጥንድ ግጥሚያ ሁለቱን ጨዋታ እንደ ሁለት ጉድጓድ ቁጠሩት፤ አንድ ለአንድ ነው፤ መለያ ይመጣል። ሕጉ ግን ድምር ነበረና 2 ለ 1 ወደቅን። ያኔ ብዙዎቻችን ስለ አጥቂው፣ ስለ ተከላካዩ፣ ስለ ዳኛው ተከራክረናል። ስለ አቆጣጠሩ የተከራከረ ሰው አልገጠመኝም። ሕጉ ትክክል አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ለሁለቱም ቡድን አንድ ነበር፣ አስቀድሞም ይታወቅ ነበር። በድምር ሕግ ዳሬ ሰላም ላይ የገባችው ሁለተኛዋ ጎል የምትመዝነውን ያህል በግጥሚያ ሕግ አትመዝንም። ይህን አስቀድሞ ያወቀ አሠልጣኝ አንድ ጎል ከገባበት በኋላ እንዴት እንደሚጫወት ያውቃል፤ በድምር ጨዋታ ጉዳቱ እንዳይሰፋ ይከላከላል፣ በግጥሚያ ግን የሚያጣው ስለሌለ ሁሉን ወደ ፊት ይልካል። አቆጣጠሩ ሲለወጥ ጠባይም ይለወጣል ያልኳችሁ ይኸ ነው።

በሩጫም እዩት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ 27 ደቂቃ ከ18.20 ለ 27 ደቂቃ ከ18.29። የሚቆጠረው ማን ቀደመ የሚለው ስለነበረ ወርቁ የኃይሌ ሆነ። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ ግን ዓላማው ሰዓቱ ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ያው ኃይሌ ነው፤ ሲድኒ ላይ ተቀናቃኙን እየጠበቀ፣ በርሊን ላይ ሰዓቱን እያሳደደ ሮጠ። አንደኛው እንደ ጥንድ ግጥሚያ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ምት ድምር።

ስለ ጥንድ ግጥሚያ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ለባላንጣህ ምት መስጠት ትችላለህ። ኳሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከቆመ «ይህን አትምታ፣ ገብቶልሃል» ትለዋለህ። በ1969 በራይደር ካፕ፣ ብሪታንያና አሜሪካ ሲጋጠሙ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ እኩል ነበሩ። አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ ኳሱን ካስገባ በኋላ፣ ለእንግሊዛዊው ቶኒ ጃክሊን ከአንድ ሜትር በታች የቀረችውን ምት ሰጠው። ውድድሩ 16 ለ 16 አለቀ፤ በዋንጫው ታሪክ የመጀመሪያው እኩል ውጤት ሆነ። ከራሱ ወገን ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ዓለም ግን እስከ ዛሬ ያመሰግነዋል።

ይህ ደግነት በድምር ጨዋታ ክልክል ነው። ለምን? በጥንድ ግጥሚያ የምትሰጠው የራስህን ነው፤ የሚጎዳ ሌላ ሰው የለም። በድምር ግን ሜዳው ላይ መቶ ሰው ቢኖር ለአንዱ የሰጠሃት ምት ከዘጠና ስምንቱ ኪስ የወጣች ናት። እንግዲህ አቆጣጠሩ ቸርነት የት እንደሚያስመሰግንና የት እንደሚያስወነጅል ሳይቀር ይወስናል።

እዚህ ላይ ገንዘብም እንደሚገባበት ልንገራችሁ። የአሜሪካው ፒጂኤ ሻምፒዮና እስከ 1957 በጥንድ ግጥሚያ ነበር የሚካሄደው። በ1958 ወደ ድምር ተለወጠ። በግጥሚያ ታላቁ ስም በመጀመሪያው ቀን ሊሰናበት ይችላል፤ ይህ ለቴሌቪዥን አይመችም። በድምር ግን ታዋቂዎቹ ቢያንስ ጥቂት ቀን ሜዳው ላይ ይቆያሉ። አቆጣጠርን የሚመርጠው ሁልጊዜ ተጫዋቹ እንዳልሆነ ከዚህ ታያላችሁ።

አራተኛው ነጥብ፤ የነጥብ ስሌት። ፍራንክ ስቴብልፎርድ የሚባል ሐኪም ነበር፤ ጎልፍ ወዳድ። ሊቨርፑል አጠገብ ባለው ዋላሲ ክለብ ሜዳው ነፋሻ ነው። ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ነፋሱ ሲያበላሽባቸው ድምራቸው አይጠገንምና ተስፋ ቆርጠው ወረቀታቸውን ቀድደው ይሄዳሉ። ሐኪሙ ለዚህ መድኃኒት ፈለገ። በ1898 ዌልስ ውስጥ የሞከረውን ሐሳብ አሻሽሎ በ1932 ዋላሲ ላይ ሥራ ላይ አዋለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስሙ ይጠራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቦጊ 1 ነጥብ፣ ፓር 2፣ በርዲ 3፣ ኢግል 4። ድርብ ቦጊና ከዚያ የባሰ 0። ከዜሮ በታች የለም! 6 ምትም ፈጀብህ 16፣ ያው ዜሮ ነው። ኳስህን አንሥተህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ብዙ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል።

ሰዎቻችንን እንቁጠር። ባለቀይ ቆቡ አምስት ፓር አለው፤ 10 ነጥብ። ስድስተኛው ዜሮ። ድምር 10። ባለሰማያዊው አምስት ቦጊ፤ 5 ነጥብ፤ አንድ ፓር፤ 2 ነጥብ። ድምር 7። ባለቀይ ቆቡ አሸነፈ። ሐኪሙ የሠራው ምንድን ነው? ለጥፋት ወሰን አበጀለት። በአንድ ቦታ የወደቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ወድቆ እንዳይቀር አደረገ። ጠባይ እንዴት እንደተለወጠ ተመልከቱ፤ ውድቀት ከዜሮ ካላለፈ ሰው ይደፍራል።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ከ1986 እስከ 2006 በተካሄደው ዘ ኢንተርናሽናል በሚባለው ውድድር ይህን የበለጠ ገፉበት። ፓር ዜሮ፣ በርዲ 2፣ ኢግል 5፤ ቦጊ አንድ ነጥብ ይቀንሳል፣ ከዚያ የባሰ ደግሞ ሦስት። አንድ በርዲና አንድ ቦጊ የሠራ በድምር ሁለት ፓር ከሠራው ጋር እኩል ነው፤ እዚህ ግን በአንድ ነጥብ ይበልጠዋል። እንግዲህ አዘጋጁ ደፋር ሲፈልግ ለድፍረት ዋጋ ቆረጠለት።

ከነጥቡ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ሃንዲካፕ ይባላል፤ ማካካሻ እንበለው። የሃምሳ ዓመት ሰው ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር፣ ጀማሪ ከነባር ጋር እንዲጫወት ለደካማው ምት ይሰጠዋል። 18 ማካካሻ ያለው ሰው በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ምት ይቀነስለታል። ፓር 4 በሆነ ጉድጓድ 6 ከመታ እንደ 5 ይቆጠርለታል፤ ቦጊ ነው፤ አንድ ነጥብ ያገኛል። ማካካሻው ከዚህ በፊት ከተጫወታቸው ውጤቶች ይሰላል። በየአገሩ የተለያየ ስሌት ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ አንድ የዓለም ሥርዓት ሥራ ላይ ውሏል። በማካካሻው ምክንያት አባትና ልጅ አብረው ሄደው ልብ በሚያንጠለጥል ፉክክር ይጫወታሉ።

ይሁን እንጂ ማካካሻ ባለበት ሌብነት አይጠፋም። ደካማ መስሎ ለመመዝገብ ሆን ብሎ መጥፎ ውጤት የሚያስገባ፣ ዋንጫ ሲመጣ ግን ጎበዝ ሆኖ የሚቀርብ ሰው በጎልፍ ክለቦች የታወቀ ነው። አሠልጣኞች እየሳቃችሁ ነው! ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች በሚባል ውድድር ላይ ጢሙን ተላጭቶ የሚመጣውን «ታዳጊ» አስታውሳችሁ መሆን አለበት። ለደካማው ተብሎ የተሠራ ሕግ የሚጸናው መዝገቡ የታመነ ሲሆን ብቻ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ የቡድን አቆጣጠር ነው። በጎልፍ ሦስት ዋና ዋና መልኮች አሉት። በፎርሰምስ ሁለት ሰው አንድ ኳስ ይዞ በየተራ ይመታል፤ የአንዱን ጥፋት ሌላው ያወጣዋል ወይም ይባስ ያበላሸዋል። በፎርቦል ሁለቱም የየራሳቸውን ኳስ ይመታሉ፤ በየጉድጓዱ የተሻለው ይቆጠራል፤ አንዱ ሲጠነቀቅ ሌላው መድፈር ይችላል። በስክራምብል ደግሞ የቡድኑ አባላት ሁሉ ይመታሉ፣ የተሻለችው ኳስ ትመረጣለች፣ ቀጥሎ ሁሉም ከእሷ ቦታ ይመታሉ። ስክራምብል ለጀማሪ ተስማሚ ነው፤ በቀን አንድ ጥሩ ምት ብቻ የመታ ሰው ቡድኑን ጠቀመ። ራይደር ካፕ ዛሬ ፎርሰምስን፣ ፎርቦልንና ሰው ለሰው ግጥሚያን አጣምሮ 28 ነጥብ ያድላል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ታላቅ ምሳሌ አለን፤ አገር አቋራጭ። የቡድን ውጤቱ እንደ ጎልፍ ትንሹ ቁጥር የሚያሸንፍበት ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ አሥረኛ የወጣ 10 ነጥብ እያለ የተወሰኑ ሯጮች ደረጃ ይደመራል፤ ዝቅተኛው ድምር ወርቅ ይወስዳል። በ1981፣ በእኛ 1973 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ማድሪድ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የወንዶች ቡድን ዘጠኝ ሯጭ ያሰልፍ ነበር፤ የሚቆጠሩት ስድስቱ ነበሩ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ተሳትፎ ነበር። ሯጮቻችን ከፊት ተሰልፈው እየመሩ ሳለ አንድ ዙር ሲቀር ውድድሩ ያለቀ መስሏቸው በሙሉ ኃይላቸው ተፈተለኩ። ዙሩ ገና መሆኑ ሲነገራቸው ጉልበታቸው አልቋል። በመጨረሻ አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጅን ቀደመ፤ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሆነ። የግሉ ወርቅ አመለጠ፤ የቡድኑ ወርቅ ግን የኢትዮጵያ ሆነ! ስድስት ሰው ተቀራርቦ ስለገባ የዙሩ ስሕተት ሁሉን አላሳጣንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸ ነው።

የማይቆጠሩት ሦስቱስ በከንቱ ሮጡ? በፍጹም። ሰባተኛው ሯጫችን ከባላንጣው አምስተኛ ሯጭ ቀድሞ ከገባ የዚያን ሰው ደረጃ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ገፍቷል። ስሙ በድምሩ ውስጥ የለም፤ ሥራው ግን አለ።

አንድ ተጨማሪ። ከ2017 ጀምሮ በዓለም አገር አቋራጭ ላይ የድብልቅ ዱላ ቅብብል ተጨመረ፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። በ2019 ዴንማርክ ኦርሁስ ላይ ኢትዮጵያ ይህን አሸነፈች። የዚህ ሕግ ጥበብ ምንድን ነው? በአንድ ውጤት ውስጥ የሴቷም የወንዱም እግር የግድ ይቆጠራል። ጠንካራ ሴት ሯጭ የሌለው ቡድን ወንዶቹ ቢበሩም አያሸንፍም። ስለዚህ ወርቅ የሚፈልግ ፌዴሬሽን ሴቶቹንም ማሠልጠን አለበት። ስለ እኩልነት ብዙ ከመናገር ይልቅ አቆጣጠሩን አንድ ጊዜ መለወጥ ምን እንደሚሠራ እዩ።

አሁን ቃል ወደ ገባሁላችሁ፣ ወደ ቦምቤ ሜዳ ልምጣ።

እዚህ የጎልፍ ሜዳ ይሠራ ብዬ አልመክርም። መሬቱ ለእንሰት፣ ለቦይና፣ ለዝንጅብል ይበቃ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ከጎልፍ መዋስ የምንችለው ሣሩን ሳይሆን አቆጣጠሩን ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

በትምህርት ቤትና በቀበሌ የሩጫ ውድድር ስናዘጋጅ ብዙ ጊዜ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሸልመን እንበተናለን። ሦስት ልጅ ይደሰታል፤ አራተኛው በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። በአገር አቋራጩ ሕግ ብንሄድስ? እያንዳንዱ ክፍል ወይም ቀበሌ ስምንት ልጅ ያሰልፍ፤ ሦስት ሴትና ሦስት ወንድ የግድ ይቆጠሩ፤ ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ ይሩጡ፤ ደረጃቸው ይደመር። ያኔ አሥራ አምስተኛ ሆና የምትሮጥ ልጅ አሥራ አራተኛ ለመሆን የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ትታገላለች፤ ያቺ አንዲት ቁጥር ለክፍሏ ዋንጫ ናትና።

ለጀማሪዎችና ለሕፃናት የስቴብልፎርድን ሐሳብ ውሰዱ፤ ጥፋት ከዜሮ አይለፍ። በርዝመት ዝላይም ይሁን ኳስ ወደ ዒላማ በመምታት ያልተሳካ ሙከራ ዜሮ ይሁን እንጂ የተገኘውን አይቀንስ። ልጁ ይደፍራል፤ ደፍሮም ይማራል። ዕድሜው የገፋ መምህር ከተማሪው ጋር ሲሮጥ ደግሞ ማካካሻ ስጡት፤ ከፊት ይነሣ። አዛውንቶችም ሜዳ ይወጣሉ።

ከማንኛውም ውድድር በፊት ደግሞ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ምን ይቆጠራል? ድምር ነው፣ ግጥሚያ ነው ወይስ ነጥብ? የማን ይቆጠራል? የአንድ ሰው ብቻ፣ የተሻለው ወይስ የሁሉም? ማን ይመዘግባል? እነዚህ ሦስቱ መልሶች ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሁሉም አሠልጣኝ ያንብብና ይፈርምበት። በየሜዳው የምናየው ጠብ አብዛኛው ከጨዋታው በኋላ ሕግ ሲወጣለት የሚነሣ ነው። እኩል ከወጣን ምን ይሆናል የሚለውን እኩል ከመውጣታችን በፊት እንመልሰው።

ባለቀይ ቆቡንና ባለሰማያዊውን «ማን ጎበዝ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። በድምር ሰማያዊው፣ በግጥሚያና በነጥብ ቀዩ። መልስ የሚኖረኝ ጠንቃቃ፣ ደፋር ወይስ ተባባሪ ሰው ትፈልጋላችሁ ብዬ ስጠይቃችሁና ስትመልሱልኝ ነው። ይህን መምረጥ የአዘጋጁ ሥራ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አዘጋጆቹ እናንተ ናችሁ። የሚቀጥለውን ውድድር ፕሮግራም ስታወጡ ከዋንጫው መጠን በፊት አቆጣጠሩን ተነጋገሩበት።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።